ሞተሩ ገባ ማለት ተቀመጠ ማለት አይደለም
(ስለ ሆት ሮድ ሞተርና ካምቢዮ አጫጫን)

እንደሚታወቀው በአገራችን ጋራዦች ያረጀ ሞተር አውርዶ ሌላ መጫን እንግዳ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ አዲስ የሚገባው ሞተር ከወረደው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ የቡሎኑ ቀዳዳ ከቀዳዳው ይገጥማል፣ ካምቢዮውም በነበረበት ይቀራል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናብራራው የፈለግነው ከዚህ ከበድ ያለውን ነው። ይኸውም ጨርሶ ለእሱ ባልተሠራ ሻንሲ ላይ የሌላ መኪና ሞተርና ካምቢዮ ማስቀመጥ ነው። ይህን ሥራ በቤታቸው ጓሮ እየሠሩ ዓለምን ያስተማሩት የአሜሪካ ሆት ሮድ ሠሪዎች ናቸውና ምሳሌያችንን ከእነሱ እንወስዳለን።

«እኛ ለመምህርነት የምንሠለጥን ሰዎች ነን፤ ሆት ሮድ ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንስላቸው ማዕዘን፣ ትይዩ መስመርና የኃይል ክንድ እዚህ ሥራ ላይ በብረት ተሠርተው ይታያሉ። በፈተና ወረቀት ላይ ማዕዘን የሳተ ተማሪ ማርክ ይቀነስበታል። እዚህ ማዕዘን የሳተ ሰው ግን ብረት ይሰብራል፤ አንዳንዴም እግሩን ያጣል። ይህን የምንለው ለማስፈራራት እንዳልሆነ ወደ ታች ስንደርስ ይታያል።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን።

ለመሆኑ ሆት ሮድ ምንድን ነው?

ሆት ሮድ ማለት አንድ አሮጌ መኪና ተገዝቶ፣ የማያስፈልገው ላሜራ ተነቅሎለት ክብደቱ ከቀነሰ በኋላ፣ ከፋብሪካው የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ተጭኖበት በባለቤቱ እጅ እንደገና የተሠራ መኪና ነው። ልማዱ የተስፋፋው በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። እዚያ ሙሮክን የመሳሰሉ ውሃቸው የደረቀ፣ እንደ ጠረጴዛ የተደላደሉ ሐይቆች ስላሉ፣ ወጣቶች ፓራፋንጎውን እየፈቱ መኪኖቻቸውን በፍጥነት ይፈትኑ ነበር። ሥርዓት እንዲኖረው በማለት በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት መዝጋቢዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ1948 «ሆት ሮድ» የተባለው መጽሔት መታተም ጀመረ፤ በ1951 ደግሞ ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር መሠረተ። የዚህ ማኅበር አንዱ ዓላማ ወጣቶቹን ከመንገድ ላይ እሽቅድምድም አውጥቶ ደንብ ወዳለበት ሜዳ ማስገባት ነበር።

ለሥራው በጣም የተወደደው ሻንሲ የ1932ቱ ፎርድ ነው። በፊተኛውና በኋለኛው አክስል መካከል ያለው ርቀት 269 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ፎርድ በዚያው ዓመት 3.6 ሊትር፣ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ለተራው ሰው አቀረበ። ያን ጊዜ ይህ ብዙ ጉልበት ነበር። ቆይቶ ግን በ1955 ሼቭሮሌት ቫልቮቹ ከላይ የሆኑ፣ 4.3 ሊትርና 162 የፈረስ ጉልበት ያለው አዲስ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር አወጣ። ይህ ሞተር እየተሻሻለ ለብዙ ዓመታት ተሠርቶ፣ በ2011 የዚሁ ቤተሰብ 100 ሚሊዮንኛው ሞተር ተመረተ። እንግዲህ መለዋወጫው እንደ ልብ የሚገኘው ለዚህ ነው። በ1932ቱ የፎርድ ሻንሲ ላይ የሼቭሮሌት ሞተር ተጭኖ ማየት የተለመደ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛም ምሳሌ ይኸው ነው፤ የፎርድ ሻንሲ፣ የሼቭሮሌት ሞተር፣ ከ1969 ጀምሮ የወጣው ባለ 3 ማርሽ አውቶማቲክ ቱርቦ 350 ካምቢዮ።

መጀመሪያ መኪናው ይቁም

ብዙ ጀማሪ ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥሎ፣ ወደ ሻንሲው አውርዶ፣ «ገባ!» ካለ በኋላ ወዲያው የብየዳ መነጽሩን ያነሣል። ታዲያ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ኋላ ላይ ያን ሁሉ ብየዳ በመጋዝ መቁረጥ ይመጣል። የሠለጠኑት ሠሪዎች ግን እንዲህ አይጀምሩም።

መጀመሪያ ሻንሲው ተሠርቶ ሲያልቅ በሚቆምበት ከፍታ ልክ ይቆማል። የሚገጠሙለት ጎማዎች መጠን ታውቆ፣ ባሌስትራው የመኪናው ሙሉ ክብደት እንደተጫነበት ያህል ሆኖ ሻንሲው በብረት ማቆሚያ ላይ ይታሰራል። ይህ ለምን አስፈለገ? ከዚህ በኋላ የሚለካው ማዕዘን ሁሉ መነሻው ሻንሲው ስለሆነ ነው። መነሻው ከተንጋደደ ልኩ ሁሉ ይንጋደዳል።

ቀጥሎ ከሻንሲው መሐል ለመሐል ከፊት እስከ ኋላ ገመድ ይወጠራል። ከገመዱ ላይ ቱንቢ እየተጣለ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ይሠመራል። ግንበኛ ቤት ሲያወጣ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የፎርዱ የጥንት ሻንሲ ብረት በአንድ ጎኑ ክፍት ስለሆነና በ65 የፈረስ ጉልበት ልክ ስለተሠራ፣ ክፍቱ ጎን በላሜራ ብረት ተዘግቶ እንደ ሳጥን እንዲሆን ይበየዳል። ክፍት ብረት በቀላሉ ይጠማዘዛል፤ የተዘጋው ግን መጠምዘዝን እጅግ ይቋቋማል። ይህን በጫማ ካርቶን መሞከር ይቻላል፤ ክዳኑ ሲነሣና ሲታሰር በእጅ ጠምዝዞ ማየት ነው።

ሙከራው የሚካሄደው በሙሉ ሞተር አይደለም። ፒስተንና ክራንክሻፍት የሌለበት ባዶ ብሎክ፣ ውስጡ የወጣለት የካምቢዮ ቤት ይበቃል። ቅርጹ አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን ሁለት ሰው የሚያነሣው ያህል ስለሚሆን እንደ ልብ ወዲያ ወዲህ ይደረጋል። ሆኖም ቴስታታው፣ የጭስ መውጫው፣ የውሃ ፓምፑና ዲናሞው ለልኩ ሲባል ተገጥመው መታየት አለባቸው። ቦታ የሚሻሙት እነሱ ናቸውና።

ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ?

ሞተሩ ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ክብደት ከፊት ጎማ ወደ ኋላ ጎማ ይተላለፋል። ልኩን ማስላት ይቻላል። ሞተርና ካምቢዮው አንድ ላይ 300 ኪሎ ግራም ቢሆኑና ወደ ኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ብንገፋቸው፦

300 × 10 ÷ 269 = 11 ኪሎ ግራም ያህል

ከፊት አክስል ተነሥቶ ኋላ ይጫናል ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ገደብ አለው። የሼቭሮሌቱ ሞተር የእሳት ማከፋፈያው ያለው ከኋላው ጫፍ ላይ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ከሄደ ሞተሩን ከተሳፋሪው ከሚለየው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ግድግዳው ቢቆረጥ ደግሞ የሾፌሩ እግር ማረፊያ ይጠባል። ወደ ፊት ከተገፋም ቬንቲሌተሩ ራዲያተሩን ይነካል። በቬንቲሌተሩና በራዲያተሩ መካከል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ክፍት መተው ይመከራል፤ ምክንያቱም ሞተሩ በጎማ መቀመጫ ላይ ስላለ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይሳባል።

ከሥር ያለውም እንዳይረሳ። የዘይት ኮፓው ጥልቅ ክፍል ከአግዳሚው ብረትና ከመሪው ዘንጎች ጋር የሚገናኝበት ቦታ አደገኛ ነው። እዚህ ላይ ልኩ የሚወሰደው መሪው ቀጥ ብሎ እያለ ብቻ አይደለም። እስከ ቀኝ ጥግ፣ እስከ ግራ ጥግ እየተጠመዘዘ፣ ባሌስትራውም እየተጫነና እየተነሣ ይታያል። መኪናው ቆሞ የማይነካካ ነገር፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይነካካል። መሪ ከኮፓ ጋር ከተያዘ ደግሞ ሾፌሩ ምንም ማድረግ አይችልም።

የነገሩ ቁም ነገር፦ ሁለቱ ትይዩ መስመሮች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ከካምቢዮው ጀርባ ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚወስድ አንድ ረጅም ዘንግ አለ። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ክሮቸራ አለ። የኋላው አክስል በመንገዱ ምክንያት ከፍ ዝቅ ስለሚል ክሮቸራ ባይኖር ዘንጉ ይሰበር ነበር።

ክሮቸራ ግን አንድ ጠባይ አለው። ታጥፎ ሲዞር፣ የሚያዞረው ዘንግ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም፣ የሚዞረው ዘንግ በእኩል ፍጥነት አይዞርም። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የሚያዞረው ዘንግ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ሁለተኛው ዘንግ ምን እንደሚሆን እንመልከት፦

— በ3 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ ከ2,996 እስከ 3,004 ይዋዥቃል።
— በ10 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ ከ2,954 እስከ 3,046 ይዋዥቃል።
— በ20 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ ከ2,819 እስከ 3,193 ይዋዥቃል።

ይህ መዋዠቅ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚደጋገም ነው። መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ የክሮቸራው ኩሽኔታ ይበላል፣ የካምቢዮው የኋላ ጫፍ ይመታል። ሾፌሩ ጎማው የተንጋደደ መስሎት ጎሚስታ ቤት ይመላለሳል፤ ምን ዋጋ አለው! ችግሩ ከጎማው አይደለም።

መፍትሔው ምንድን ነው? ክሮቸራውን ማስወገድ ሳይሆን፣ ሁለተኛው ክሮቸራ የመጀመሪያውን ስሕተት እንዲያጠፋው ማድረግ ነው። የፊተኛው ሲያፈጥን የኋላኛው በዚያው ልክ እንዲያዘገይ፣ ሁለቱ የሚታጠፉበት ማዕዘን እኩል መሆን አለበት። በተጨማሪም በረጅሙ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት የክሮቸራ ሹካዎች አንድ አቅጣጫ መያዝ አለባቸው። ለዚህ ደግሞ የክራንክሻፍቱ መስመርና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ መስመር እርስ በርስ ትይዩ መሆን ይገባቸዋል። አንድ መስመር አይሁኑ፤ ትይዩ ይሁኑ።

በተግባር እንዲህ ይደረጋል። ሞተሩ ወደ ኋላው በኩል 3 ዲግሪ ያህል ያዘቀዝቃል። ይህ ከዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ካርቡሬተሩ የሚቀመጥበት ገጽ ከፋብሪካው ሲወጣ ይህንኑ ማዘቅዘቅ ታሳቢ አድርጎ ስለተቆረጠ፣ ሞተሩ 3 ዲግሪ ሲያዘቀዝቅ ካርቡሬተሩ ውሃ ልክ ይሆናል። ሞተሩ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ቁልቁል ከሄደ፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ፊት 3 ዲግሪ ሽቅብ ማየት አለበት። ያን ጊዜ ሁለቱ ትይዩ ሆኑ ማለት ነው። ረጅሙ ዘንግ ራሱ በ5 ዲግሪ ቢያዘቀዝቅ፣ የፊተኛው ክሮቸራ 5 ሲቀነስ 3፣ ማለትም 2 ዲግሪ ይታጠፋል። የኋላኛውም እንዲሁ 2 ዲግሪ። እኩል ናቸው።

«ታዲያ ሁሉንም ቀጥ አድርጎ ዜሮ ዲግሪ ማድረግ አይሻልም ወይ?» ይባል ይሆናል። አይሻልም። ክሮቸራው ምንም ካልታጠፈ በውስጡ ያሉት የኩሽኔታ መርፌዎች ከቦታቸው ሳይነቃነቁ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየተጫኑ ብረቱን ይቦረቡራሉ። ስለዚህ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ባለው መካከል መታጠፉ ተመራጭ ነው።

ከላይ ሲታይስ? ለመሪው ቦታ ለማግኘት ሲባል ሞተሩን ከመሐሉ መስመር ወደ አንድ ጎን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ማሸሽ የተለመደ ነው፤ ፋብሪካዎችም ያደርጉታል። ክልክሉ ማሸሽ ሳይሆን ማጣመም ነው። ሞተሩ ከሸሸ ከፊትም ከኋላም እኩል ይሽሽ። ከወለሉ የጠመኔ መስመር ጋር ቱንቢ እየጣሉ ማመሳከር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሞተርና ካምቢዮ ሲጋቡ

በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ላይ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት መሐል ከክራንክሻፍቱ መሐል ጋር በትክክል መግጠም አለበት። በሰዓት መሰል መለኪያ እየተዞረ ሲታይ ንባቡ ከ0.13 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ይህ ከወፍራም ወረቀት ውፍረት የማይበልጥ ነው። ከዚህ ካለፈ ማርሽ ለማስገባት ያስቸግራል፣ ኩሽኔታም ይጎዳል።

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ዘይት የተሞላ ድቡልቡል ዕቃ ከካምቢዮው ፓምፕ ጋር እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ቀስ እያደረጉ ሲያዞሩት «ቋ» እያለ በደረጃ ይገባል። ከዚያ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ያለ አንዳች ጉልበት፣ በእጅ ግፊት ብቻ መጋጠም አለበት። ቡሎኖቹ ታስረው ሲያልቁ ኮንቨርተሩ በነጻነት እየዞረ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት መሳብ አለበት። አልጋጠም ብሎ በቡሎን እየጠበቀ የሚጎትት ሰው ካለ፣ ኮንቨርተሩ ገና አልገባም ማለት ነው፤ ውጤቱም የተሰበረ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ገና ሳይነሣ ካምቢዮ ገደለ ማለት ይህ ነው።

ሞተሩን የሚይዘው ምንድን ነው?

ሞተር የሚቀመጥባቸው ጎማዎች ሥራቸው ክብደት መሸከም ብቻ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሞተሩ ዘንጉን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር፣ የራሱ አካል ወደ ተቃራኒው መገልበጥ ይፈልጋል። ለሁሉም ድርጊት እኩልና ተቃራኒ አጸፋ አለው እያልን የምናስተምረው ሕግ ነው።

እስቲ እናስላ። ሞተሩ 400 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል አለው እንበል። የቱርቦ 350 አንደኛ ማርሽ 2.52 ያበዛል።

400 × 2.52 = 1,008 ኒውተን ሜትር

ግራና ቀኝ ያሉት መቀመጫዎች በ50 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፦

1,008 ÷ 0.5 = 2,016 ኒውተን

ይህ 205 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አንደኛው መቀመጫ በዚህ ልክ ይጨፈለቃል፤ ሌላኛው በዚሁ ልክ ወደ ላይ ይጎተታል። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ደግሞ ኮንቨርተሩ ኃይሉን ወደ እጥፍ ሊያስጠጋው ይችላል። በአሜሪካ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሮች ወደ ላይ የሚጎተተው በሾፌሩ በኩል ያለው የግራው ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ በ1971 መጨረሻ 6.7 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለዚሁ ጉዳይ መልሶ ለመጥራት ተገዷል። የመቀመጫው ጎማ ከብረቱ ሲላቀቅ ሞተሩ ይነሣና የነዳጅ መስጫውን ይጎትተዋል። ነዳጅ ሲጨምር ሞተሩ የበለጠ ይነሣል፤ ሾፌሩ እግሩን ቢያነሣም መኪናው አልቆም ይላል። ጥገናው ምን ነበር? ጎማው ቢላቀቅ እንኳ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚይዝ የሽቦ ገመድ ማሰር ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ የሞተር መቀመጫ ጎማው ቢበጠስ እንኳ ብረት ከብረት ተያይዞ ሞተሩን የሚያስቀር መሆን እንዳለበት ነው። ሦስተኛው መቀመጫ ከካምቢዮው ጭራ ሥር ይሆናል፤ የሚያርፍበት አግዳሚ ብረት ደግሞ በቡሎን የሚፈታ መሆን አለበት። በብየዳ የተዘጋ ከሆነ ካምቢዮ ማውረድ በፈለጉ ቁጥር መጋዝ ማንሣት ነው።

አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው ወፍራም የመሬት ሽቦ መታሰር አለበት። ካልታሰረ የማስነሻው ብዙ ኤሌክትሪክ በነዳጅ መስጫው ቀጭን ሽቦ በኩል ለማለፍ ይሞክርና ያግለዋል።

ረጅሙ ዘንግና የሰው እግር

ፎርድ እስከ 1948 ድረስ ረጅሙን ዘንግ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ዘግቶ ነበር የሚሠራው። መኪናውን ወደ ፊት የሚገፋውም ያው ቱቦ ነበር። አዲስ ካምቢዮ ሲገባ ቱቦው ይወጣል። ያን ጊዜ የኋላው አክስል እንዳይሸሽና እንዳይገለበጥ የሚይዘው ነገር ስለሚጠፋ፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያዙ ጠንካራ የብረት ክንዶች ይሠሩለታል። ይህን የዘነጋ ሠሪ ሞተሩን በሚገባ አስቀምጦ አክስሉን ሜዳ ላይ ጣለው ማለት ነው።

የረጅሙ ዘንግ ርዝመት የሚለካው ሁሉ ነገር ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ነው። ወደ ካምቢዮው የሚገባው ተንሸራታች ጫፍ እስከ መጨረሻው ገብቶ ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ክፍት ካልተተወ አክስሉ ከፍ ሲል ዘንጉ ካምቢዮውን ከኋላ ይወጋዋል።

ዘንጉ የሚያልፈው ደግሞ ከተቀመጠው ሰው ሥር ነው። የፊተኛው ክሮቸራ ቢሰበር የዘንጉ ጫፍ መሬት ይወድቅና መኪናውን ሊያነሣ፣ ወይም ወለሉን በስቶ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው የውድድር ደንቦች ከፊተኛው ክሮቸራ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ዘንጉን የሚከብ የብረት ቀለበት የሚጠይቁት። ቀለበቱ ምንም አይሠራም፤ አንድ ቀን እስኪሠራ ድረስ።

የዚህን ነገር ክብደት ዶን ጋርሊትስ የተባለው ስመ ጥሩ ተወዳዳሪ በአካሉ አይቶታል። በመጋቢት 1970 በካሊፎርኒያ ላየንስ በተባለው የውድድር ሜዳ ላይ ሲነሣ፣ ከፊቱ የነበረው ካምቢዮ ፈንድቶ መኪናውን ለሁለት ከፈለው፤ የቀኝ እግሩንም ከፊል ቆረጠው። በዚያን ጊዜ የዚህ ዓይነት መኪኖች ሞተርና ካምቢዮ ከሾፌሩ ፊት፣ እግሮቹም ከካምቢዮው ጋር ጎን ለጎን ነበሩ። ጋርሊትስ ሥራውን አልተወም። ሞተሩን ከሾፌሩ ኋላ ያደረገ መኪና ሠርቶ በ1971 በፖሞና ትልቁን የክረምት ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት፤ የዚያ ክፍል ውድድር መኪኖችም ሁሉ ሞተራቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። እንግዲህ «ሞተሩ የት ይቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ «ሰውየው የት ይቀመጥ?» ከሚለው ጋር አንድ ጥያቄ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ብየዳው መቼ ነው?

የመጨረሻው ሥራ ብየዳ ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ባጭሩ ይህ ነው፦

1ኛ/ መቀመጫዎቹ ነካ ነካ ተደርገው ብቻ ይበየዳሉ፤ በመዶሻ ቢመቱ የሚለቁ ያህል።

2ኛ/ ማዕዘኖቹ እንደገና ይለካሉ፤ መሪው ይዞራል፣ ኮፋኖው ይዘጋል፣ ፔዳሎቹ ይረገጣሉ፣ ካምቢዮው የሚወርድበት መንገድ ይታያል።

3ኛ/ ሞተሩና ካምቢዮው ወርደው ሙሉ ብየዳው ይካሄዳል። ብረት በሙቀት ስለሚጎተት ከግራ ጥቂት፣ ከቀኝ ጥቂት እያፈራረቁ ይበየዳል።

4ኛ/ ሞተሩ ተመልሶ ገብቶ ሁሉም ልክ ለሦስተኛ ጊዜ ይመረመራል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ማርሽ ውስጥ ገብቶ እያለ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክለው ማብሪያ መሥራቱም ይረጋገጣል።

አንዳንዱ ይህን ሲያነብ «ኧረ ይኼ ሁሉ ልኬታ!» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፤ ከጠቅላላው ጊዜ የሚበዛውን የሚወስደው ልኬታው ነው። ብየዳው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሆኖም የተለካው ነገር ካልተበየደ ነገ ይበየዳል፤ የተበየደው ካልተለካ ግን መንገድ ላይ ይታወቃል።

ለክፍል ውስጥ የሚሆን ሙከራ

ይህን ትምህርት ያለ መኪና ማሳየት ይቻላል። ከመፍቻ ሳጥን ውስጥ የሚገኘውን ክሮቸራ ያለው ማዞሪያ ወስዶ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ዲግሪ የተጻፈባቸው ክብ ካርቶኖች መሰካት ነው። ማዞሪያው ቀጥ ብሎ እያለ አንዱ 45 ዲግሪ ሲዞር ሌላውም 45 ይዞራል። በ40 ዲግሪ አጥፈው ሲያዞሩት ግን፣ አንዱ 45 ሲል ሌላው እንደ አነሣሡ 52 ተኩል ወይም 37 ተኩል ያሳያል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ካርቶኑ የተንሸራተተ ይመስላቸዋል። ደግመው ይሞክሩ፤ ያው ነው። ከዚያ ሁለተኛ ክሮቸራ በእኩል ማዕዘን ይቀጠልና ልዩነቱ ሲጠፋ በዓይናቸው ይዩ። ትይዩ መስመር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አያሻም።

በመጨረሻም ለአንባብያን አንድ ጥያቄ እንተዋለን። የአንድ ሆት ሮድ ሞተር ወደ ኋላ 4 ዲግሪ ያዘቀዝቃል፤ ረጅሙ ዘንግ ደግሞ 6 ዲግሪ ተኩል ያዘቀዝቃል። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ስንት ዲግሪ ሽቅብ ይሁን? እያንዳንዱ ክሮቸራስ በስንት ዲግሪ ይታጠፋል? የተገኘው ማዕዘን ከሚመከረው ገደብ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገው ሁሉ ከዚሁ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ እርሳስና ወረቀት ይዞ እዚሁ ግድግዳ ሥር ቆሞ መሥራት ይቻላል።